ሌዘር ይዘን ጣና ዳር

እሑድ፣ ግንቦት 3

ኤርፖርት ላይ ሳጥናችንን የፈተሸው ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ። አይፈረድበትም። ሽቦ አለ፣ ባትሪ አለ፣ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ አለ፣ አሮጌ ሲዲ አለ፣ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ የጫማ ካርቶን አለ። «ምንድነው ይሄ ሁሉ?» አለ። የማስተማሪያ ዕቃ ነው፣ ስለ ብርሃን ነው የምናስተምረው አልኩት። አላመነኝም። አንዱን ካርቶን አንስቼ በቀዳዳው የጣሪያውን አምፖል እንዲያይ ሰጠሁት። አየ። ቀና ብሎ አምፖሉን በዓይኑ አየ። ደግሞ በካርቶኑ አየ። ከዚያ ባልደረባውን ጠራና «ና ይሄን እይ» አለው። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር።

እኛ ማለት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኦፕቲክስ (የብርሃን ሳይንስ) ምርምር ማዕከል የምንማርና የምንሠራ ሰዎች ነን። እኔ የላብራቶሪ ረዳት ነኝ። ሌሎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ በፋይበር (ብርሃን በሚጓዝበት ቀጭን የመስታወት ክር) ላይ ዶክትሬቱን የሚሠራ አለ፣ ማስተርሷን የምትሠራ አለች፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነች ዝምተኛ ልጅ አለች፣ ሁለት የሦስተኛ ዓመት ልጆችም ለሸክም (እነሱ እንደሚሉት ለልምድ) መጥተዋል። ማዕከላችን ዘንድሮ ቀንቶታል። የዶክትሬቱ ልጅ ጽሑፉ ታትሞለታል። የማስተርሷ ልጅ በፖስተር ተሸልማለች። ኮሪደሩ በምስክር ወረቀት ተሞልቷል፣ አዲስ መጤ ሁሉ እዚያ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኔ እንኳን ኮሪደሩን ብዙም አልወደውም። ግን ዝም ብዬ አልፋለሁ።

አስተባባሪያችን፣ ሁላችንም «ዶክተር» ብቻ ብለን የምንጠራቸው፣ አንድ ደንብ አላቸው። የሚሠራውን ነገር ለማያውቀው ሰው፣ ያለ ሰሌዳና ያለ ስላይድ ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ትምህርት ቤት አይገባም። ስለዚህ ማታ የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ልምምድ ሆነ። ዳኛው አስተናጋጁ ነበር። የዶክትሬቱ ልጅ ስለ ፋይበር ሴንሰሩ ብዙ አወራ። አስተናጋጁ ትሪውን በብብቱ ይዞ በትህትና ሰማውና «እና... ምን ይጨመር?» አለ። ሳቃችንን መያዝ አቃተን።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት። የባሕር ዳር ግንቦት ሙቀት ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው የሚጀምረው። ክፍሉ ጠባብ፣ ልጆቹ ብዙ። መጋረጃ ስለሌለ መስኮቱን በካርቶን ሸፈንነው። ገና ሳንጀምር መብራት ጠፋ። መምህሩ አፈሩ፣ እኛ ግን ደስ አለን፤ ጨለማ ነው የምንፈልገው፣ ሌዘሮቻችንም በባትሪ ነው የሚሠሩት።

ከሁሉ አስቀድሞ የሃይላንዱ ጠርሙስ ይመጣል። ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ውሃ ትሞላዋለህ፣ ሁለት ጠብታ ወተት ጠብ ታደርግበታለህ፣ ውሃው በቀዳዳው ወጥቶ ጎብጦ ወደ ባልዲው ይወርዳል። በተቃራኒው ጎን አረንጓዴ ሌዘር ስታበራ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ከመሄድ ይልቅ ከውሃው ጋር ጎብጦ ይወርዳል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እ!» አለ። ብርሃኑ ከውሃው ወደ አየር ለመውጣት ሲሞክር የውሃውን ጠርዝ በጣም ተንጋዶ ይመታዋል። ከ49 ዲግሪ ገደማ በላይ ካዘነበለ መውጣት አይችልም፤ እየተንጸባረቀ እዚያው ውስጥ ይጓዛል። ይህን ሙከራ ኮላዶን የተባለ የጄኔቫ ሰው በ1840ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አሳይቶታል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1966 እ.ኤ.አ.፣ ቻርልስ ካኦ የተባለ ተመራማሪ ጥሩ ንጹሕ መስታወት ከተገኘ በፀጉር ቀጭን መስመር ውስጥ ወሬ ሩቅ መላክ ይቻላል ብሎ አሰላ። ለዚህ ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። ዛሬ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ቪዲዮ የሚያዩት በዚያ ነው።

ይህን ሁሉ ያስረዳው የዶክትሬቱ ልጅ ነው። የትናንቱን ንግግር ጥሎ ጠርሙሱን ብቻ ይዞ ቆመ። ጎበዝ!

ቀጥሎ የፀጉር ውፍረት። አንዲት ልጅ ከሹሩባዋ አንድ ፀጉር ነቀለችልን። ፀጉሩን በቀይ ሌዘር ፊት ስንወጥረው ሁለት ሜትር ርቆ ግድግዳው ላይ የተቆራረጠ መስመር ታየ፤ ብርሃን፣ ጨለማ፣ ብርሃን፣ ጨለማ። ከአንዱ ጨለማ እስከ ቀጣዩ በማስመሪያ ለኩ። 2 ሳንቲሜትር። የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት 650 ናኖሜትር ነው፣ በሁለት ሜትር ታበዛዋለህ፣ ለ2 ሳንቲሜትር ታካፍለዋለህ። 65 ማይክሮሜትር መጣ። በተራ የተማሪ ማስመሪያ የሚሊሜትር አንድ አሥራ አምስተኛ ለኩ ማለት ነው። ከዚያ ማን ያቆማቸው። የመምህሩ ፀጉር፣ የጺም ፀጉር፣ ከቦርሳ የተመዘዘ ክር። «ቲቸር፣ የሽበት ይወፍራል?» የሚል ጥያቄ መጣና መምህሩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ሽበት አስነቀሉ።

አንድ ያስደነገጠኝ ነገር ግን ነበር። ግማሾቹ ልጆች ኪሳቸው ውስጥ ሌዘር አላቸው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው፣ ከቁልፍ መያዣ ጋር የሚንጠለጠለው። የአንዱን በኃይል መለኪያችን ብንለካው ላዩ ላይ ከተጻፈው በብዙ በልጦ ተገኘ። አረንጓዴዎቹ ይብሳሉ። በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ አብሮ የሚለቅ አለ፣ የማይታይ ብርሃን ደግሞ ዓይንህን ጨፍን አይልህም። ስለዚህ ያላሰብነውን ትምህርት ጨመርን፤ የሰው ፊት ላይ አታብሩ፣ መስታወት ላይ አታብሩ፣ ባጃጅ ነጂ ላይማ በጭራሽ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ዛሬ ሌዘር አልያዝንም። ይህ የኔ ሐሳብ ነበር፣ ስከራከርለትም ቆይቻለሁ። ሌዘር ያስጨበጭባል፣ ግን ልጁ ቤቱ ሄዶ አይደግመውም። ካርቶንና ምስማር ግን ማንም ቤት አለ።

ቀትር ላይ ሜዳው መሐል እንጨት ተከልን። ጥላው ወደ የት ይወድቃል ብለን ጠየቅን። ሁሉም «ወደ ሰሜን» አለ፤ መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ስለተሣለ ይመስለኛል። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን አሥራ አንድ ዲግሪ ተኩል ላይ ናት፣ ፀሐይ በሚያዝያ አጋማሽ አናታችን ላይ አልፋ ወደ ሰሜን ተሻግራለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ጥላው አጥሮ አጥሮ ወደ ደቡብ ዞረ። አንድ የዘበኝነት ካፖርት የለበሱ ሰው ከበሩ ላይ «እኛ ይሄን እናውቃለን፣ በግንቦት የቤቱ ጥላ በዚያ በኩል ነው የሚወጣው» አሉ። ልክ ናቸው። በዚያው ጥላ ሥር ተቀምጠው ስንት ዓመት ጠብቀዋል።

ከምሳ በኋላ ካርቶን በምስማር በስተን ምስል ማየት አስተማርን። በቀዳዳው የገባው ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ውጭ ያለውን ዛፍ ገልብጦ ይሥለዋል። ኢብን አል ሃይሰም ከሺህ ዓመት በፊት ካይሮ ተቀምጦ ያጠናው ነገር ነው። ልጆቹ ወደውታል፣ ግን የዕለቱ ወሬ ሌላ ሆነ።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ካርቶኑን ወረቀት ላይ በማነጣጠር ፈንታ ዓይኑ ላይ ለጥፎ ሰሌዳውን ያያል። ዝም ብሎ ያያል። ያወርደዋል። ደግሞ ያነሳዋል። የመጨረሻ ዓመቷ ልጅ አጠገቡ ሄዳ «ምን አየህ?» አለችው። «ጽሑፉ ይነበባል» አለ። «ያለ ካርቶኑስ?» ዝም። አብሮት የተቀመጠው ጓደኛው መለሰለት፤ «እሱ ከኔ ደብተር ነው የሚገለብጠው።»

ትንሽ ቀዳዳ ከሰፊው የብርሃን ጎርፍ ቀጭኗን ብቻ ታስገባለች። ዓይን አቅርቦ ወይም አርቆ ማነጣጠር ሲያቅተው እያንዳንዱ ነጥብ ተዘርግቶ ይደበዝዛል፤ ቀዳዳዋ ያንን ዝርግ ታጠብበዋለች፣ ምስሉ ይጠራል። የዓይን ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። በቀዳዳ ሲያዩ ከጠራ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በመነጽር የሚፈታ ነው፣ ካልጠራ ሌላ ነገር ነው። እኛ ሐኪም አይደለንም፣ ይህንንም ለመምህሯ በግልጽ ነግረናል። እሳቸው ግን ወዲያው ደብተር አውጥተው የልጁን ስም ጻፉ፤ ለወላጆቹ ነግሬ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አስመረምረዋለሁ አሉ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞረው «ሌላስ በካርቶን የጠራለት አለ?» ሲሉ ሦስት እጅ ተነሳ። አንዷ ከፊት ወንበር ናት።

ማታ ዶክተር ብዙ አላወሩም። «ነገ ካርቶን ጨምሩ» ብቻ አሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

የሐይቅ ቀን። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕ ጾም የለም፣ እንደምንም ብለን ጠዋት ጨርሰን ለምሳ የተጠበሰ ቆሮሶ እንበላለን ተባባልን።

የመጨረሻ ዓመቷ ልጅ መመረቂያዋ የውሃ ድፍርስነት መለኪያ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የውሃ ናሙና በአንድ በኩል ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ ይበራበታል፣ 860 ናኖሜትር፤ በጎን በኩል፣ በ90 ዲግሪ፣ ብርሃን ተቀባይ ይቀመጣል። ንጹሕ ውሃ ብርሃኑን ቀጥ አድርጎ ያሳልፈዋል፣ ጎን ላይ የሚደርስ የለም ማለት ይቻላል። ጭቃ ካለ ብርሃኑ እየተጋጨ ወደ ጎን ይበተናል። ሱቅ የሚሸጠው መሣሪያ ውድ ነው፣ እሷ የሠራችው ከቧንቧ ቁራጭና ከጥቂት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። ጣና ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ አፈሩን ይዘው ይገቡበታል።

ጀልባ ተከራይተን ወደ ደብረ ማርያም በኩል ወጣን። መለኪያዋን ለማመሳከር ሴኪ ዲስክ ይዘናል። ክብ ሰሌዳ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ሩብ ሩብ የተቀባ፣ በገመድ ታወርደዋለህ፣ ከዓይንህ የጠፋበትን ጥልቀት ትጽፋለህ። በቃ። ጣሊያናዊው ቄስና የፀሐይ ተመራማሪ አንጄሎ ሴኪ በ1865 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። የጀልባው ሹፌር ቄስ መሆኑን ሲሰማ አከበረው። ገመዱን ራሱ ያዘ። ሰሌዳው ሜትር ሳይሞላ ጠፋ። ወደ አባይ መውጫ ስንጠጋ ደግሞ ከዚያም ባነሰ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ቀስ እያለ መጣና አጠገባችን ቆመ። ዕድሜው ገፋ ያለ ነው። «ምን ጠፋባችሁ?» አለ፤ ገመድ ስንጎትት አይቶ። ምንም አልጠፋብንም አያ፣ ውሃውን ነው የምንለካው አልነው። የማስተርሷ ልጅ መቅዘፊያው ውሃው ውስጥ የተሰበረ መስሎ እንደሚታይ አሳየችውና ልታስረዳው ጀመረች። ሳቀባት። «ልጄ፣ ውሃ ውስጥ ያለውን ዓይንሽ እንዳለሽ አትመኝው። ዓሣው ከምታይው ዝቅ ብሎ ነው ያለው።» ምን ያህል ዝቅ ብሎ? ብላ ጠየቀችው። መዳፉን ዘርግቶ አሰበ። «አራት ጣት ጠልቆ ከታየሽ አምስት ጣት ተኩል በይው።»

በላብ ያለን ቁጥር፣ ውሃ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን፣ 1.33 ነው፤ ከላይ ቀጥ ብለህ ስታይ ጥልቀቱ ሦስት አራተኛ ሆኖ ነው የሚታየው። አራት ጣት የታየህ አምስት ጣት ከሲሶ ነው። የሰውየው ስህተት ከጣቱ ስፋት ያነሰ ነው። ልጅቷ አፏን ይዛ ቀረች፣ ከዚያ ደብተር አውጥታ ጻፈችው።

እኔ ደግሞ ፖላራይዝድ መነጽሬን ሰጠሁት። ከውሃ ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን በአብዛኛው ወደ ጎን የሚርገበገብ ነው፣ መነጽሩ ያንን ይከለክለዋል፣ በተለይ ከቀጥታ ቁልቁል 53 ዲግሪ አካባቢ አዘንብለህ ስታይ። አደረገው። ቁልቁል አየ። አንገቱን ወደ ጎን ሲያዘነብል ነጸብራቁ ተመለሰበት፣ ሲያቀና ጠፋለት። ያንኑ ደጋገመ። «ይሄማ ይጠቅማል» አለ። ልመልስልህም አላለ። መረቡ ወዳለበት እየቀዘፈ ሄደ፤ መነጽሩን እንዳደረገ። የላቡ ንብረት ነበር፤ በንብረት መዝገቡ ላይ «ጣና ላይ በአገልግሎት ላይ» ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ዶክተርም ፈርመውበታል።

ቆሮሶው ጣፋጭ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ዘጌ። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት ከቡድኑ ግማሹ ጀልባ ላይ ከሚቀር ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይሻላል ብለን በቡና ጫካው መሐል ወጣን። የሥዕሉ ነገር ቃል የለኝም። ፍላሽ ማብራት አይፈቀድም፣ ደግሞም ልክ ነው፣ ብርሃን ቀለም ይበላል። የዶክትሬቱ ልጅ በኢንፍራሬድ ካሜራ ሥዕል ሲነሳ ከቀለሙ በታች ያለው የመጀመሪያ ንድፍ ሊታይ እንደሚችል ለአስጎብኚያችን ሲነግረው እሱም «ታዲያ ለምን አትመጡም?» አለው። ልጁ እስከ ማታ ስለዚሁ ነው ያወራው። ሌላ የምጽፈው የለም፣ ደክሞናል፣ ግማሻችንን ፀሐይ መትቶናል።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ዛሬ ዓለም አቀፍ የብርሃን ቀን ነው። ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራበት ቀን፣ ሜይ 16 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ደርድረን ልጆቹ ራሳቸው እንዲያሳዩ አደረግን። የሲዲ ካርቶኑን (ውስጡ ያለው ሲዲ ብርሃንን ወደ ቀለማት የሚበትነውን) የያዙት ሁለት ልጆች ወረፋ አስይዘው ነበር፤ ሻማ ሲታይ ቀለማቱ ሳይቆራረጡ ይያያዛሉ፣ ቆጣቢ አምፖል ሲታይ ግን ለየብቻ የቆሙ ደማቅ መስመሮች ይመጣሉ። ፀሐይን በቀጥታ አታዩም፣ የሰማዩን ብርሃን ብቻ እያሉ ይቆጣሉ፣ ከኛ ብሰው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ስትል የአትክልቱን ጎማ ከፍተን ቀስተ ደመና ሠራን። ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከሆነች ሰማይ ላይ ስለማይወጣ ነው እስከዚያ የጠበቅነው። ትንንሾቹ ሳይንሱን ትተው ገላቸውን ታጠቡበት።

የመጨረሻ ዓመቷ ልጅ ጠረጴዛ ጋ ግን ጸጥ ብሏል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ጠርሙስ ይዛ መጥታለች። አንዱ ቡናማ፣ ከአባይ መውጫ። ሌላው አረንጓዴ፣ እምቦጭ ከበዛበት ዳር። ሁለቱም ተለኩ። ቁጥሩ ተቀራራቢ ሆነ።

«ይሄ ጭቃ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው» አለች ተማሪዋ። «ያንቺ ማሽን ግን እኩል አላቸው። ታዲያ ቁጥሩ ለኔ ምን ይነግረኛል?»

ልብ በሉ፣ ይህ መመረቂያ ጽሑፍ በመምህራን ፊት ቀርቦ አልፏል። እኔም በቦታው ነበርኩ። ይህን ማንም አልጠየቀም። ልጅቷ ትንሽ ቆመችና «ምንም አይነግርሽም። ልክ ነሽ» አለች። ከዚያ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ከተማሪዋ ጋር ማሰብ ጀመረች። ኮሪደራችን ላይ ከተሰቀሉት ሁሉ ይህችን ሰዓት ባሰቅል ደስ ይለኝ ነበር።

ማታ የሆቴሉ ክፍል ላብ ሆነ። ጎመን ከኩሽና ለመንን፣ ቀጥቅጠን የእጅ አልኮል ውስጥ ነከርነው፣ አጣራነው። አረንጓዴ ነው። መብራት አጥፍተን ሰማያዊ ኤልኢዲ ስናበራበት ደም መሰለ፣ ቀይ! ክሎሮፊል ሰማያዊ ብርሃን ይውጥና ቀይ ይተፋል፤ ጭቃ ይህን አያደርግም። ከዚያ የተማሪዋን ጠርሙሶች አመጣን። አረንጓዴው ላይ በዓይን የታየ ነገር ያለ አይመስልም፣ የሦስተኛ ዓመቱ ልጅ «አየሁ» ቢልም እኔ አላመንኩትም። ግን የመጨረሻ ዓመቷ ልጅ ተቀባዩ ላይ ቀይ ማጣሪያ ለጥፋ ስትለካው የአረንጓዴው ቁጥር ተነሳ፣ የቡናማው ባለበት ቀረ። ሦስቴ አስደገምኳት። ሦስቴም ተነሳ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

በረራው ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄደን ሴኪ ዲስኩን፣ ካርቶኖቹንና አንዱን መለኪያ ትተንላቸው መጣን። የሳይንስ ክበቡ ልጆች በየሳምንቱ ከወደቡ ላይ ሊለኩ ተስማምተዋል። ማን ገመድ ይይዛል በሚል ገና ከአሁኑ ተጣልተዋል። የመጨረሻ ዓመቷ ልጅ ባለ ሁለት ቀለሙን መለኪያ ሠርታ በመስከረም ልትልክላቸው ቃል ገባች፤ ጽሑፏንም ሁለተኛ ልታርመው ነው፣ ዶክተር አሁን ለምን ትደክሚያለሽ ቢሏትም።

ባለ ጠርሙሷ ተማሪ እስከ ባጃጁ ሸኘችን። ክረምት ሲገባና ዝናብ ሲበረታ መለካቱን እናቁም ወይ ብላ ጠየቀች።

«ያኔ ነው እንጂ!» አለቻት የመጨረሻ ዓመቷ ልጅ። «ወንዞቹ የሚሞሉት ያኔ ነው። ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ።»